ጓሮዬን በአይሱዙ ጭኜ

ስደት ባሕር ለተሻገረ ብቻ ከመሰላችሁ እኔን ጠይቁኝ። ከፒያሳው እሪ በከንቱ ተነስቼ የከተማው ጫፍ የደረስኩት ያለ ፓስፖርት ነው፤ አገር መቀየሬን ግን የሚያስክደኝ የለም። ይህን የምጽፈው ፒያሳ ለቀራችሁትና እንደ እኔ በየኮንዶሚኒየሙ ለተበተናችሁት ነው።

ግቢያችን ሊፈርስ ሲል፣ በመጨረሻው ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲላቀስ እኔ ከጎመኔ ጋር ነበርኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በዘይት ጀሪካን፣ በቀለም ባልዲ፣ በተሰነጠቀ ሳፋ ሁሉ ጎመንና ቃሪያ ስተክል ነው የኖርኩት። ከመንገዱ ማዶ፣ ያልተነካው ሰፈር ውስጥ፣ ለእኔ እንደ ታላቅ እህት የሆኑት እትዬ በለጡ ይኖራሉ። ከጀሪካኖቼ ግማሹን ለእሳቸው ሰጠሁ።

"ከጓዳዬ ጀርባ ያለችውን ክፍል እስከ መስቀል ለማንም አላከራያትም" አሉኝ። "እዚያ ካልተስማማሽ ጓዝሽን ይዘሽ ተመለሺ።"

ጠዋት የመጣው የአይሱዙ ሹፌር ጀሪካኖቹን አይቶ ቀጥ አለ።

"ማዘር፣ እኔ የቤት ዕቃ ነው የተባልኩት። ይሄ አትክልት ተራ ነው።"

"ዕቃዬ እኮ ነው።"

"ዕቃ ውኃ አይጠጣም፣ ማዘር።"

ያም ሆኖ ጎመኑን ፍራሼ ላይ ደርድሮ እኔን ጋቢና አስገባኝ። አራት ኪሎ ስንደርስ ቅጠሉ በነፋስ ሲርገበገብ ያዩ የታክሲ ረዳቶች "ሙሽራው የታለ?" እያሉ ሳቁብን። አብሬያቸው ሳቅኩ። ከዚያ እስክንደርስ ድረስ አለቀስኩ።

አዲሱ አገር ቋንቋውም ሌላ ነው። የት ነሽ ሲሉሽ "ብሎክ ሰባት፣ አራተኛ ፍሎር" ነው መልሱ። ነፋሱ የተሰጣ ልብስ ከነገመዱ ይወስዳል። ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ብወጣ ሦስት ሰው በፍቅር ሰድቦኝ ነው የምመለሰው፤ እዚህ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው የብረት በራቸውን ይዘጋሉ። በሳምንቱ የእትዬ በለጡን ክፍል በሐሳቤ ቀለም ቀብቼ ጨርሼ ነበር።

በግቢያችን ደንብ ከጎረቤት ጀሪካን ቃሪያም ሆነ ጎመን ለመቅጠፍ ማንም አያስፈቅድም። ያስፈቀደች ሴት ካለች "ምን አስቀየምኳት?" ይባላል። ይህ ደንብ ፒያሳ መቅረቱን ማን ነገረኝ? አንድ ቀን ሽሮዬን ጥጄ ውኃ ልቀዳ ስወርድ፣ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ በወተት ዱቄት ጣሳ ከተተከለች ተክል አንዲት ቃሪያ ተንጠልጥላለች። እፎይ፣ ሰው አገኘሁ ብዬ ቀጠፍኳት።

ከሰዓት በኋላ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደረጀ በሬን አንኳኩ። ከኋላቸው ሰሚራ ቆማለች፤ መርካቶ ጨርቅ የምትነግድ ወጣት ናት፣ የጣሳዋ ባለቤት።

"ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ከኮሪደር ላይ ንብረት ጠፍቷል።"

"ምን ጠፋ?"

"አንድ ቃሪያ።"

"አልጠፋም፣ በልቼዋለሁ።"

አቶ ደረጀ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲህ አምነዋል ማለት ነው።"

"ማመንማ አምኛለሁ። ግን አታቃጥልም፤ ውኃ በዝቶባታል። ጣሳውን ከሥሩ አልበሳሽውም አይደል?" አልኳት ሰሚራን።

የሰሚራ ዓይን እንባ አቀረረ። "እትዬ፣ የመጀመሪያዋ እኮ ነበረች። ጅዳ ላለው ባለቤቴ በየቀኑ ፎቶዋን እልክለት ነበር። አሁን ምን ልላክለት?"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የግቢያችንን ደንብ አስረዳኋት። በጣም ያፈራውን የቃሪያ ጀሪካኔን አቅፌ ወርጄ በሯ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይህን ፎቶ አንሺና ላኪለት። አደገች በይው።"

"ባንድ ቀን?"

"ጎረቤት አጠጣቻት በይው።"

ያኔ ሳቀች። አቶ ደረጀ ግን አልጨረሱም። ጀሪካኖቼ የብሎኩን ገጽታ ስለሚያበላሹ ይነሱ አሉ። ልስን የረገፈውን ግድግዳ እያሳየሁ "ገጽታው የቱ ጋ ነው?" አልኳቸው። ከዚያ ወደ ቤቴ ወጥቼ ጎመን ቀጠፍኩና በፌስታል ሰጠኋቸው።

"ይሄ ጉቦ ነው?"

"ጎመን ነው።"

ወሰዱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባዶ የቀለም ባልዲ ይዘው መጡና ግራ ቀኝ አይተው፣ "በስንት ቁጥር ምስማር ነው የሚበሱት?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ኮሪደራችን አረንጓዴ ሆነ። ሰሚራ አሁን ሳታንኳኳ እየገባች ጎመኔን ትቀጥፋለች፤ የታችኛውን ቅጠል ትታ ልቡን ስለምትቆርጠው በየቀኑ እቆጣታለሁ። እንዲያም ሆኖ፣ ልንገራችሁ፣ ፒያሳ ይናፍቀኛል። አመሻሽ ላይ ከበረንዳዬ ሆኜ በዚያ በኩል አያለሁ፤ ሕንፃ እንጂ ሌላ አይታየኝም፣ ግን አያለሁ።

መስቀል ሲቃረብ ለእትዬ በለጡ ደወልኩ። ምን እንደምላቸው ገና አልቆረጥኩም ነበር።

"እትዬ፣ ክፍሏ አለች?"

"አለች። ጠርጌ ነው የምጠብቅሽ።"

"ሰፈሩስ እንዴት ነው?"

"ሰፈሩማ ጭር ብሏል። ማዶ ሰው የለ፤ ጎመንሽን የሚሰርቀኝ እንኳ ጠፋ። ለብቻዬ ስንቱን ልብላው? ቅጠሉ እያረጀ ይረግፋል።"

መጣሁ ልላቸው ስል ሰሚራና የፎቁ ሴቶች እየተንጫጩ በረንዳዬን ሞሉት።

"ያ ሁሉ ጫጫታ የማነው?" አሉኝ።

"ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እትዬ። ጎመን እየቀጠፉ ነው።"

"ሳያስፈቅዱሽ?"

"ሳያስፈቅዱኝ።"

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማኝ።

"ጥሩዬ።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"እዚያ የሚከራይ ክፍል ይገኛል?"