ደረቁ ወንዝ ውስጥ የቆፈርነው ምሽግ

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ጀብዱ የለበትም። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱት የአንደኛ ዓመት የክፍል ጓደኞቼ «ስለ ግንባር ንገረን» ብለው ይለምኑኛል፤ ጓደኛዬን ሳህሌን ጎርፍ እንደወሰደው ስነግራቸው ደግሞ «በረሃ ላይ ጎርፍ? ሙድ አትያዝብን!» ይላሉ። የእነሱስ ይሁን። እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱት የሳህሌ አባት፣ ጋሽ ሽብሩ፣ እንኳ አላመኑኝም። እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጡም።

የታዘዝነው ከድሬዳዋ ወዲያ ባለች ትንሽ የባቡር ከተማ ያለውን ድልድይ እንድንጠብቅ ነበር። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጥንቱ ባቡር ቆሞ ውኃ እንዲቀዳባት ነው። ባቡሩ በናፍጣ መሄድ ሲጀምር ሥራዋ አለቀ፤ እሷ ግን እዚያው ቀረች። ያላት አንድ የድንጋይ ጣቢያ፣ የዛገ የውኃ ታንከር፣ መስጊድና የፍየል ገበያ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የክላሹ ብረት ከግለቱ የተነሣ አይነካም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ አሸዋውን ከምሳችን ጋር ያበላናል። ስለ ዝናብ ስንጠይቅ ሰዎቹ የሐረርን ተራሮች እያሳዩ «የእኛ ዝናብ እዚያ ነው የሚዘንበው» ይሉናል። ቀልድ መስሎን ነበር።

የወንዙ ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ዶማ አይበሳውም። ሆዱ ግን ደረቅ፣ ለስላሳ አሸዋ ነው። ምሽጋችንን እዚያ ከድልድዩ ሥር ቆፈርን። በሳምንቱ ከየት እንደመጣ ያላወቅነው ውኃ ሞላው። አሥር አለቃችን ወደ ዳርቻው እንድንወጣ በሬዲዮ ፈቃድ ጠየቀ።

«ቦታችሁን አትልቀቁ!»

በማግስቱም ጠየቀ። «በረሃ ላይ ውኃ በዛብኝ የሚል ወታደር ገና ዛሬ ሰማሁ» አለው ሬዲዮው። ሳቃቸው ይሰማን ነበር።

ሳህሌ ተናደደ። «እኛ ሰፈር እኮ ለኩንታል ጤፍ እንኳ ሸራ ይደረግለታል!» አለ።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ታጣቂዎች ከሁለቱም ዳርቻ ተኩስ ከፈቱብን። ተኛን። መለስን። ቀና ማለት አልተቻለም። የሬዲዮ ሠራተኛችን ወደቀ። ሳህሌ ብሬኑን ይዞ የምሽጉ ጫፍ ላይ ነበር። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ተራሮቹ ግን ጠቁረዋል። ሊመሽ ሲል ተኩሱ ድንገት ቆመ። ታጣቂዎቹ ወደ ከፍታው ሲሮጡ አየን።

«ሸሹ!» አልን።

ሳህሌ ብድግ ብሎ «ወዴት ነው? ገና ዋጋ መች ተከራከርን!» ብሎ ጮኸባቸው። ሳቅን።

እነሱ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ እኛ ያልሰማነውን ሰምተዋል። ድምፁ ለእኛ ሲደርስ ባቡር መሰለን።

አሥር አለቃችን «ውጡ!» አለ። በዚህ ጊዜ ፈቃድ አልጠየቀም። እኔ የዳርቻውን ድንጋይ ቧጥጬ ወጣሁ። ሳህሌ ግን ለብሬኑ ተመለሰ፤ መሣሪያ ጥሎ የመጣ እንደሚጠየቅ ሁላችንም እናውቃለን። ቡናማው ውኃ ከነአፈሩና ከነግንዱ መጣ። እጁን አየሁ፤ ከዚያ እጁንም አላየሁም።

ሁለት ሰው አጣን። የሬዲዮ ሠራተኛውን ጣቢያው አጠገብ ቀበርን። ሳህሌ በሪፖርቱ ላይ «የት እንደደረሰ ያልታወቀ» ተባለ፤ ሁላችንም እያየነው!

ጋሽ ሽብሩ ይህን ሰምተው በር ዘግተው ያዙኝ። «ውኃ በሌለበት አገር ውኃ ወሰደው ትለኛለህ? ከድቶ ከሆነ ንገረኝ፤ አልቆጣም። ብቻ በሕይወት ይኑርልኝ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ቢከዳ እኔም ደስ ባለኝ። አልከዳም። ወንዙን ተከትለን አሸዋው እስከሚውጠው ድረስ ፈለግነው፤ ብሬኑን ብቻ አገኘን። ተዝካሩን ለማውጣት ቀን ካስፈለገዎት፣ ውኃው የወሰደው በደመራ ዕለት፣ መስከረም አሥራ ስድስት ነው።