ሲቪል አልገባም ያልሁ ጊዜ

አጎቴ ሲቪል ምህንድስና እንድማር የወሰኑት እኔን ሳይጠይቁ ነው። ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም ማንም አይከራከራቸውም ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማዬን እስክይዝ ቤታቸው ያኖሩኝ፣ ያበሉኝና ደብተር የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያርሱ ገበሬ ስለሆኑ እኔን ከተማ አስቀምጠው ለማስተማር አቅም አልነበራቸውም።

አጎቴ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው። ድንጋይ ከመፍለጥ ጀምረው፣ ግንበኛ ሆነው፣ በራሳቸው ጥረት እዚህ ደርሰዋል። በየሥራው መሐንዲስ ቀጥሮ መለማመጥ ስለሰለቻቸው ከገዛ ቤታቸው የወጣ መሐንዲስ ፈለጉ። ያቺ መሐንዲስ እኔ ነበርሁ።

የእኔ ዲፕሎማ ግን የብረታ ብረት ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ቡሬ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጥሬ፣ ከአጎቴ ቤት እየተመላለስሁ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከገጠር ወፍጮ ቤቶች የተበላ ዘንግ በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል፤ የተበላውን በብየዳ እንሞላና ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ አስረን እንደገና እንቀርጸዋለን። ብረቱ እየተላጠ ልኩ ላይ ሲደርስ ሐሳቤ ሁሉ ይሰበሰባል። ከዚያ የተሻለ ሥራ አላየሁም፤ ዛሬም አላየሁም።

ቡሬ የቅዳሜና እሁድ የዲግሪ ትምህርት መጀመሩ ሲወራ ቅጽ አመጣሁ። በዲፕሎማዬ መካኒካልም ሲቪልም መግባት እችል ነበር። መዝጋቢው ጎልማሳ ቅጹን ሲሰጠኝ ለሴት ሲቪል እንደሚሻል፣ ቢሮ ተቀምጬ ፕላን እያየሁ እንደምኖር በቅንነት መከረኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ቡሬ ወደሚያሠሩት ሕንፃ ይዘውኝ ሄዱ። የሁለተኛው ፎቅ ወለል ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ነበር። ፕላኑን በሲሚንቶ ከረጢቶች ላይ ዘርግተው፣ የትኛው ብረት የትኛውን ሸክም እንደሚይዝ በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ። አልዋሽም፣ ወደድሁት። ትምህርት ያልገፉ ሰው ነገርን እንዲያ አጥርተው ሲያስረዱ ሰምቼ አላውቅም። ለትንሽ ጊዜ ልቤ ወደሳቸው አዘንብሎ ነበር።

ከዚያ ኮንክሪት ማቡኪያው ሚክሰር ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ግን አይዞርም። ሠራተኛው አካፋውን ተደግፎ ቀረ። በግማሽ የተሞላ ወለል እንዲያው ከደረቀ እንደሚበላሽ ሁሉም ያውቃል። አጎቴ መካኒክ ሊጠሩ ስልካቸውን ይዘው ወደ አጥሩ በር ሄዱ። እኔ ሞተሩን አስጠፋሁና መከለያውን ፈታሁት። ከበሮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ደህና ነው፤ የተቆረጠችው ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሌጃ ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ጣት የማታህል ብረት ናት። ከወዳደቀው የኮንክሪት ብረት፣ ከፌሮው፣ አንድ ቁራጭ መርጬ በሞርሳ መቆንጠጫ አሰርሁና፣ አራት ማዕዘን እስክትሆን በሞረድ ሞረድኋት። በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አስገባኋት። ሞተሩን አስነሣሁት፤ አጎቴ ገና መካኒክ ሲያፈላልጉ ከበሮው ዞረ።

አሁን ገባቸው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ “ጎሽ! ሲቪሉን ትማሪና ይህን በትርፍ ጊዜሽ ትሠሪዋለሽ” አሉ። ፎርማኑም ሊያሞግሰኝ ብሎ፣ እጇ የወንድ ነው አለ። እጄ የእኔ ነው፤ ከማንም አልተዋስሁትም። የወሰንሁት እዚያው ነው። በማግሥቱ ቅጹ ላይ አንደኛ ምርጫዬን መካኒካል ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛ ምርጫ የሚለውን ባዶ ተውሁት።

ለአጎቴ የነገርኋቸው ራሴ ነኝ፤ ከሰው ከሚሰሙ ብዬ። ያን ቀን አልተቆጡም፤ ለአባቴ ብቻ ላኩባቸው። አባቴ በገበያ ቀን መጡና አጎቴ ሳሎን ተቀመጥን። አጎቴ የደከሙልኝን ሁሉ በዝርዝር ተናገሩ፤ አንዱም ሐሰት አልነበረበትም። የአጎቴ ሚስት ደግሞ ሳቅ እያሉ፣ “መካኒካል ገብታ መካን ሆና እንዳትቀር እንጂ” ብለው ጣል አደረጉ። ከእኔና ከአባቴ በቀር ሁሉም ሳቀ።

አባቴ በልጅነታቸው ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ በነገር አይቸኩሉም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ “መካን የሚባለው ያልዘሩበት መሬት ነው። እሷ ሙያ ዘርታ ነው የመጣችው” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የምትይው ካለሽ በይ አሉኝ።

“ጋሼ፣ ያሳደጉኝን አልክድም” አልሁ። “ዕድሜዬን ግን ልሰጥዎ አልችልም።”

አጎቴ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ከዚያ በኋላ ቤታቸው መቀመጥ እንደማልችል ገብቶኝ ልብሴን ሰበሰብሁ። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክመው እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ፣ መካኒካል ምን እንደሆነ እንደማያውቁ ነገሩኝ። “አንቺ ካወቅሽው ይበቃል” አሉኝ።

ቡሬ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቶርኖ ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍል። ከክፍሉ ተማሪዎች ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሒሳቡ አሠቃየኝ፤ አንዱን ኮርስ ሁለት ጊዜ ወሰድሁት። መንገድ ተዘግቶ ትምህርት የቆመባቸው ወራት ስለነበሩ በአምስት ዓመት ያልቃል የተባለው ስድስት ፈጀ። በእነዚያ ወራት፣ ተስማምቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስቤ አላውቅም ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። አስቤም ወደ ቶርኖዬ ተመልሻለሁ።

ስመረቅ አባቴ መጡ፤ አጎቴ ቀሩ። አሁን ቡሬ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ክፍል መሐንዲስ ነኝ። አብረውኝ ዲፕሎማ ይዘው ሲቪል ከገቡት ውስጥ ከእኔ የተሻለ ኑሮ ያላቸው አሉ፤ ሥራ ያጡም አሉ። ስለዚህ “የመረጥሽው ትክክል ነበር ወይ?” የሚሉኝ ሰዎች ከእኔ የሚያገኙት መልስ አንድ ነው፤ የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴን ልጠይቅ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ሲስሙኝ ቶሎ አልለቀቁኝም። ምሳ በልተን ስንጨርስ ስለ ሥራዬ ብዙ ጠየቁኝና፣ ደመወዜንም ጤናዬንም ከሰሙ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ሁለተኛ ዲግሪውን እንኳ በሲቪል ብታደርጊውስ?” አሉኝ።

“አላደርገውም፣ ጋሼ” አልሁ። ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት ለአክብሮት ነው፤ ለሌላ አይደለም።