በአባቴ ሞተር ላይ የቀረው ጭረት

ታናሽ ወንድሜ ከወረታ ደወለልኝ። አባታችን ካረፉ ወዲህ ተሸፍና የቆመችውን አሮጌ ሞተር ሳይክላቸውን ሊያስነሣ ሞተሯን ፈቷታል። «እትዬ፣ ክዳኑ የሚገጠምበት ብረት ላይ የቢላ ጭረት አለ። ማን ነው እንዲህ የጨከነባት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ስልኩን ስዘጋ፣ እዚህ ድሬዳዋ፣ በዚህ ሙቀት፣ የነጭ ጋዝ ሽታ መጣብኝ።

አባታችን የከብት ከታቢ ነበሩ። በጋውን በሞተሯ ፎገራን ሲዞሩ ይውላሉ፤ ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ ሞተሯ ትቆማለች፣ ያኔ ይፈቷታል። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት፣ ፍልሰታ ላይ፣ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምራ ነበር። በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ወረቀት፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ አርጅቶ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ነጭ ጋዝ አጠጥተው አሳደሩት። በነጋታው ከበሬ ቀንድ የጠረቡትን መፋቂያ ሰጡኝና፣ «ቢላ እንዳታስነኪው፤ የሕፃን ገላ በይው» ብለው አዲሱን ወረቀት ሊቆርጡ ገቡ።

ቀንድ ቀስ ብሎ ነው የሚያነሣ። ጥቁሩ ወረቀት ድስት ላይ እንዳረረ ምግብ በቅርፊት በቅርፊት ለቀቀልኝ፤ ጥግ ጥጉ ግን እምቢ አለ። ከደጅ የሩዝ ማሳው ውኃ በፀሐይ ያብለጨልጫል። የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ልቆርብ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ከሚያልፉት ጓደኞቼ አንዷ፣ «አንቺ መካኒክ፣ በዚህ እጅሽ ነው ቅዳሴ የምትሄጂ?» ብላ ሣቀችብኝ። ቢላ አነሣሁ። ሁለቴ ሳብኩት፤ ወረቀቱ ተነሣ፣ ብረቱም ተጫረ።

አባቴ ወጥተው ሲጠይቁኝ፣ በቀንዱ ጨረስኩት አልኩ። ጣታቸውን በብረቱ ዳር ዳር አስኬዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ።

«ሂጂ፣ ልጄ፤ ቅዳሴው እንዳያመልጥሽ።»

ዋሽቼ ቆረብኩ። ኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ ቀኖናዬንም ፈጽሜአለሁ። ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም። ሞተሯ በዚያ ጭረት በኩል ዘይት ማልቀስ አልተወችም፤ ሐሙሲት ደርሰው ሲመለሱ የሱሪያቸው እግር ይጠቁራል። እናቴ እያጠበች ስታጉረመርም፣ «አርጅታ ነው፣ ተያት» ይሏታል። እኔን ቀና ብለው አያዩኝም ነበር። ወይስ እኔ ነበርኩ የማላያቸው?

ዛሬ ለወንድሜ መልሼ ደወልኩና፣ የጫርኳት እኔ ነኝ አልኩት።

እናንተ ከኋላቸው ተፈናጥጣችሁ እስከ ይፋግ የዞራችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ መንገድ ላይ ቆመው ዘይቱን በጨርቅ ሲጠርጉ አጠገባቸው ነበራችሁ። ስለ እኔ ያሉት ነገር ካለ፣ ቢከፋም፣ እባካችሁ እንዳለ ንገሩኝ።