ዕጣው የወጣ ቀን እልልታ አልነበረም

«ኧረ ልጆቼ፣ ያን ቀን ማንም እልል አላለም!»

አያ ዘለቀ ከእንግዶቹ ወንበር ተነሥተው ይህን ሲሉ በትምህርት ቤታችን ሜዳ የተሰበሰበው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

ዛሬ ማንኩሳ ላይ የታሪክ ቀን ነበረን። ተማሪዎቼ አብዮቱ ወደ ቀያችን ሲገባ መሬት እንዴት እንደተከፋፈለ በትወና አሳዩ። ሁለት ሳምንት ሳለማምዳቸው ድምፄ ተዘግቷል፤ እግሬም የእኔ አይመስለኝም። (ድምፅ ማጉያውም እንደ እኔው ደክሞት ገና በመክፈቻው ንግግር ተኝቷል።)

ልጆቹ ዕጣውን በወረቀት አወጡና እልልታውን አቀለጡት። አዛውንቱ የተነሡት ያኔ ነው።

«ወረቀት ማን ያነብ ነበር? ሁሉም የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የፍየል በጠጥ። ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ሰው በየማሳው ላይ ይጥለዋል። የእኔ ስንጥር ያበልጄ ማሳ ላይ ወደቀ፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው።»

«ከዚያስ፣ አያ? ምን አደረጉ?» አልኋቸው።

«ደስ ብሎኛል፤ መሬት አልነበረኝማ። ግን እሱ እዚያው ቆሞ እያየኝ እንዴት እልል ይባላል? እስኪሞት ድረስ ቤቴን አልረገጠም። ዛሬም ያ ክርስትና ያነሣው ልጄ ማሳውን ሲያርስ፣ እኔ እሱ የሚመጣ እየመሰለኝ ዞር ዞር እያልሁ መንገዱን አያለሁ።»

ትወናውን እንደገና ጀመርነው፤ ያለ እልልታ። እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም።

እናንተ ቤት ያሉ ሽማግሌዎችስ ስለዚያ ቀን ምን ይላሉ? እስኪ ጠይቁና እዚህ ጻፉልኝ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርሁት እልልታውን ብቻ ነው።