ንብ ያልገባበት ቀፎ

ባለፈው ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ላይ አንድ ሰው አዲስ ቀፎ በትከሻው ተሸክሞ በአጠገቤ አለፈ። ቀፎው በወይራ ጭስ የታጠነ ነበር። ጭሱ፣ እርጥብ የእንሰት ቅጠሉና እበቱ የተቀላቀሉበት ያ ሽታ ሲደርሰኝ ጀርባዬ በድንገት ቀጥ አለ፤ እጆቼም ከግራና ከቀኝ ጎኔ ላይ ተጣበቁ። በገበያው መካከል ተገትሬ ቆምሁ። ቃሪያ የምትሸጥ ሴት «ምን ሆነሃል? ፎቶ ልትነሳ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቱን ብነግራት፣ አዎ፣ ፎቶ ልነሳ ነበር፤ በስምንት ዓመቴ፤ የጭንቅላቴን ውስጥ።

የማስታውሰውን ሁሉ ይመኑኝ አልልዎትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህር የልጅነት ትዝታችን ግማሹ ሌሎች የነገሩን ነው ብሎ አስተምሮናል፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ለፈተናም መልሼዋለሁ። የዚያን ቀፎ የውስጥ ጨለማ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ከእኔ በቀር የገባበት የለምና።

ቤታችን ከጂንካ ከፍ ብሎ ባለው ዳገት ላይ ነበር። ከደጃችን ሆኖ ቁልቁል ሲያዩ በከተማው መሐል አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣርና በሣሩ ላይ የሚግጡት ከብቶች ይታያሉ። በዚያ ዓመት መውደቅ ጀመርሁ። መውደቄን እኔ አላውቀውም፤ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ የአፈር ጣዕም፣ የተነከሰ ምላስ፣ ከበላዬ ያጎነበሰ የእናቴ ፊት። የጂንካው ሐኪም መረመረኝና ኤምአርአይ ለሚባል ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ወጣት ነበር።

«ማሽኑ እንደ ሰፊ ቧንቧ ነው እናቴ» አላት። «በጣም ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቁ መተኛት ያስፈልጋል። ትንንሽ ልጆች ይህን ስለማይችሉ በማደንዘዣ ነው የሚገቡት። የአዋቂዎቹ ተራ በሦስት ሳምንት ይደርሳል፤ የማደንዘዣው ግን ሦስት አራት ወር ይፈጃል። አይዞዎት፣ ይደርሳል።»

እናቴ ወረቀቱን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ አብሮን የሄደው ወንድሟ እጇን ያዘው። አጎቴ ማር ቆራጭ ነበር። ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ እሷም እንደ እኔ ትወድቅ ነበር። ለእሷም ቀጠሮ ተሰጥቷት ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ወረደችና እዚያው፣ ውኃው ውስጥ ወድቃ ቀረች።

«ቀጠሮ ሲጠብቅ የቀረ ልጅ ከዚህ ቤት አንድ ይበቃል» አለ አጎቴ። «ይሄ ነቅቶ ይገባል። የአዋቂውን ተራ ጻፍልን።»

«አባቴ፣ አዋቂዎች እንኳ ይጨነቃሉ እኮ!»

«አታውቀውም እንጂ ይችላል።»

አጎቴ ይህን ያለው በምን ተማምኖ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብዬ መቀመጥ የማልችል፣ መምህራኔ ከወንበሩ ጋር እንሰረው እያሉ የሚቀልዱብኝ ልጅ ነበርሁ።

ጎረቤታችን አንድ አስተማሪ ነበር፤ ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ለወገብ ሕመሙ በዚያ ማሽን የታየ ሰው። አስተማሪው በዚያው ቀን ከሥራ ሲመለስ አጎቴ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘውና በረንዳችን ላይ አስቀምጦ ጠየቀው፦ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ርዝመቱስ? ሰውየው በየት በኩል ይገባል? አስተማሪው እጆቹን ዘርግቶ አሳየው፤ ድምፁንም ጉንጮቹን ነፍቶ «ጠጠጠጠጠ... ድው! ድው! ድው!» እያለ አሰማን። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አጎቴ ግን አልሳቀም። «ይሄማ ቀፎ ነው» አለ። እናቴ ይህን ያለው አስተማሪው ነው ትላለች። እኔ አጎቴ ነው እላለሁ፤ ከዚህ ፈቀቅ አልልም።

ሦስት ቀን ሠራው። ቀርከሃ ሰንጥቆ እንደሚሠራቸው ቀፎዎች ሁሉ ክብ አድርጎ ጠለፈው፤ ይህኛው ግን የልጅ ትከሻ የሚያስገባ ነበር። በእንሰት ቅጠል ጠቀለለው፣ በእበት ለቀለቀው፣ ሲደርቅም ወይራ አጭሶ አጠነው።

«ልጁ ንብ ነው እንዴ የምታጥንለት?» አለችው እናቴ።

«ያልታጠነ ቀፎ ማን ይገባል?» አላት።

ከአቦካዶው ዛፍ ሥር በባላ እንጨቶች ላይ አጋደመው። እኔን ሳንቃ ላይ አስተኝቶ በራሴ በኩል እስከ ወገቤ ድረስ አስገባኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእግሬ በኩል ሕጉን ነገረኝ። እጅ አይነቃነቅም። እግር አይነቃነቅም። ሲያሳክክህ ያሳክክህ። ማንም ቢጠራህ አትወጣም።

«እናቴስ ብትጠራኝ?»

«እናትህም ብትጠራህ። የምትወጣው እኔ በአማርኛ ሳይሆን በቋንቋችን ስጠራህ ብቻ ነው።»

ከዚያ ጩኸቱ ጀመረ። እናቴ ባዶ ጀሪካን በዘነዘና ትደበድባለች፤ አስተማሪው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይተካታል። ሰዓታችን መዝሙር ነበር። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን መዝሙሮች ከድብደባው ጋር እየታገለች ትዘምራለች፤ መጀመሪያ ቀን አንዱን ሳትጨርስ ተንፈራግጬ ወጣሁ። አጎቴ አልተቆጣም። «ነገ አንድ ሙሉ» አለ ብቻ። ግማሽ ሰዓት ማለት ስድስት መዝሙር እንደሆነ በአስተማሪው ሰዓት ለክተነው ነበር።

ጎረቤቶቻችን በአጥራችን ላይ ተንጠልጥለው ያዩን ጀመር። «ልጁን በቁሙ ገነዙት» አሉ። ልጆቹ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ «አንተ ማር! መቼ ነው የምትቆረጠው?» ይሉኛል፤ እንድስቅና እንድነቃነቅ። አጎቴ አላባረራቸውም፤ እንዲያውም ጠርቶ ሙዝ ሰጣቸውና «በደንብ ስደቡት» አላቸው። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ ጎራ አለና ቀፎውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«እህቴ፣ ይህ እምነት ማጣት ነው» አላት። «ለልጁ እንጸልይ እንጂ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«እንጸልያለን» አለች እናቴ፤ ዘነዘናዋን አላስቀመጠችም። «እኛ ቤት ስንጸልይ እጃችን ሥራ አይፈታም። ያቺን ቆርቆሮ ያዙልኝ፣ ሽማግሌ።»

ቆመ፤ ዙሪያውን አየ፤ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። በእነዚያ ሳምንታት ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የሚያስፈራውን ያወጣ እሱ ነው።

አንድ ቀን፣ አራተኛው መዝሙር ላይ፣ እውነተኛ አውሮፕላን መጣ። ጂንካ ላደገ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ላስረዳዎት? አውሮፕላን ሲመጣ ከብቶቹ ከሣሩ ላይ ይነዳሉ፤ ልጅ ሁሉ ከየዳገቱ ቁልቁል ይሮጣል፤ ክንፉ ሲያዘነብል አይቶ ለሳምንት ያወራል። አጥር ላይ ያሉት ልጆች «መጣ! መጣ!» እያሉ ሲበተኑ ሰማሁ። የሞተሩ ድምፅ ቀርከሃውን አልፎ ጥርሴ ድረስ ገባ። ዓይኖቼ እንባ ሞሉ፤ እንባው ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ አልጠረግሁትም። በዚያን ሰዓት የተቃወምሁት አውሮፕላኑን ይሁን፣ በሽታውን ይሁን፣ አጎቴን ይሁን አላውቅም። ብቻ እምቢ አልሁ። ምናልባት አውሮፕላኑ የመጣው በሌላ ቀን ይሆናል፤ እንባው ግን የዚያ ቀን ነው። ስድስተኛው መዝሙር ሲያልቅ አጎቴ ጠራኝ፤ ወጣሁ። ፊቴን በመዳፉ ጠርጎ «አሁን እንሂድ» አለ።

በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጓዝን፤ አርባ ምንጭ አደርን። አዲስ አበባ ስንደርስ የምርመራው ክፍል ባለሙያ ወረቀታችንን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ተሳስታችኋል። የማደንዘዣ ቀጠሮ ይውሰዱና ይመለሱ።»

«ሳይደነዝዝ ነው የሚገባው።»

«ይነቃነቃል። ምስሉ ይበላሻል።»

«አይነቃነቅም።»

«ልጅ እኮ ነው!»

«የወለድሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ።»

ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አጎቴ ወደ ፊት ወጣ። «ከተነቃነቀ በገዛ እግራችን ሄደን ቀጠሮውን እንወስዳለን» አለ። «ካልተነቃነቀስ ምን ትጎዳለህ?»

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ «አንተስ ምን ትላለህ ማሙሽ?» አለኝ።

«አውሮፕላን መጥቶ እንኳ አልወጣሁም» አልሁት።

አልገባውም። ቢሆንም «እስቲ እንሞክር» አለ። ከዚያ አብሮኝ የሚገባው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ አጎቴ ቀበቶውን አስቀድሞ ፈትቶ ነበር። ባለሙያው ማሽኑ ብረት ይስባል ብሎ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት እያለ ሲዘረዝር አጎቴ ጭኑን መታ አደረገ። «እዚህ የጥይት ስባሪ አለ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው፤ ምንም ብሎኝ አያውቅም።»

«አይገቡም።»

«ምንም አይለኝም እኮ!»

«ማሽኑ ይልዎታል» አለው ባለሙያው።

ስለዚህ ጉትቻዋን አውልቃ አብራኝ የገባችው እናቴ ነች። አጎቴ ከበሩ ውጭ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቀረ።

ውስጡ ነጭና ቀዝቃዛ ነበር። ሽታ አልነበረውም፤ ያስፈራኝ ይህ ብቻ ነው። ድምፁ ሲጀምር ግን ሳቄ መጣ፤ ሽማግሌው በቆርቆሮ ከሚያወጣው አይበልጥም ነበር። ሳቄን ዋጥሁና መዝሙሮቹን በልቤ ጀመርሁ። ስድስቱን ጨርሼ እንደገና የመጀመሪያውን ስይዝ ጸጥ አለ። የተኛሁበት አልጋ ወደ ውጭ ተንሸራተተ።

«ጨረስን፣ ጎበዝ! ተነስ» አለኝ ባለሙያው። አልተነሳሁም። ዓይኖቼን ጨፍኜ፣ የሚፈትኑኝ አሁን ነው አልሁ። ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። እንደ ሳንቃ ሆንሁ። እናቴ ስሜን ጠራች፤ በአማርኛ፣ ከዚያም በቋንቋችን፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በጩኸት። እናትህም ብትጠራህ፣ ብሎኛል አጎቴ። ባለሙያው የእጄን ትርታ እየፈለገ «ሐኪም ጥሩልኝ!» ሲል ሰማሁ። የእናቴ እጅ ጉንጬን ዳበሰ፤ ደግሞ ተነሳና የእግሯ ኮቴ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ተከፈተ። ግርግር ነበር፤ «አይገባም፣ አይገባም!» የሚል የጥበቃ ድምፅ ነበር። ከግርግሩ በላይ አጎቴ በቋንቋችን ጠራኝ።

ብድግ ብዬ ተቀመጥሁ። «ስንት መዝሙር ሆነ?» አልሁ።

እናቴ በጥፊ መታችኝና አቀፈችኝ፤ ወይም አቅፋኝ ነው የመታችኝ፤ ቅደም ተከተሉ ጠፍቶብኛል። ባለሙያው ምስሉን አይቶ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሲወጣ ላቡን እየጠረገ ነበር። «በማደንዘዣ የተኙት እንኳ እንዲህ ጥርት ብለው አይወጡም» አለ። «ማን ነው ያለማመደው?»

አጎቴ ቀበቶውን እያሰረ «ቀፎ» አለው።

ይህን ታሪክ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ስናገር ጓደኞቼ እንደ ገጠር ሞኝነት ቆጥረው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዛሬም አልስቅም። ጠብቁ የተባሉ ሰዎች እምቢ ብለው፣ በእጃቸው ባለው ቀርከሃና በሚያውቁት ሙያ፣ አይተውት የማያውቁትን ማሽን ደጃቸው ላይ ሠሩት። ጭንቅላቴ ውስጥ ትንሽ ጠባሳ ተገኘ። ለዓመታት ኪኒን ዋጥሁ፤ መውደቄም ቀረ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው አጎቴ ነበር። የጠዋት ፀሐይ ነበረች። እናቴ አንቀላፍታለች፤ እኔም ራሴን ጭኑ ላይ አድርጌ የተኛሁ መስዬዋለሁ። የምርመራውን ፊልም ከፖስታው አውጥቶ በብርሃኑ ላይ ዘረጋው፤ የጭንቅላቴ ምስሎች በረድፍ በረድፍ ሆነው ከኋላቸው ዛፎች ያልፉ ነበር። በጣቱ የአንዱን ምስል ዙሪያ ተከተለ።

«የልጄም እንዲህ ሆኖ ይወጣ ነበር» አለ።

ለማን እንደተናገረ አላውቅም፤ እናቴ ይህን አልሰማችም፣ ሌላ ምስክርም የለኝም። ፊልሙን ቀስ ብሎ ወደ ፖስታው መለሰ፤ ከዚያ በአፍንጫው ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ብቻ እሷ አንድ መዝሙር እንኳ ዝም ብላ አትተኛም ነበር።»