ባልዲው ሲጎድል

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ የአንዲት ላም ሞትና የአንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ውሸት ነው፤ ከዚህ የባሰ ያየ ሰው ብዙ ስለሆነ አንባቢን በከንቱ እንዳላደክም እፈራለሁ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን የግቢው አትክልተኞች ከመኝታ ክፍላችን ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ዩሪያ በትነው ውሃ ሲለቁበት፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ በመስኮት ገብቶ ከመጽሐፌ ቀና አደረገኝ። ጓደኞቼ እየሳቁ መስኮቱን ሲዘጉ፣ እኔ ሳላውቀው እጄን በቀሚሴ እጠርግ ነበር።

ቤታችን አሰላ ውስጥ ቁልቁል በሚወርድ ሰፈር ነበር። አባቴ የሳይንስ መምህር ስለነበር ትልቅ ትንሹ «ቲቸር» ይለው ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ልብሱን ቀይሮ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጓሮ ይወጣና ጎመኑን፣ ካሮቱንና ቀይ ሥሩን ሲኮተኩት ያመሽ ነበር። ከአጥራችን በታች ደግሞ እትዬ ዘይነባ ይኖሩ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ያለቻቸውና ወተቷን ጠዋትና ማታ ለሰፈሩ ሸጠው የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። የራሳቸው የቧንቧ መስመር ስላልነበራቸው አባቴ ከእኛ መስመር ቀንጥሶ፣ ቱቦውን በአጥሩ ሥር አሳልፎ እግቢያቸው ድረስ ቧንቧ ገጥሞላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ «ኢንተለ ኮ» ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ይጠሩኝና አረፋው ያልከሰመ ወተት በጣሳ ያቀብሉኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ዝናቡ አቁሞ የኅዳር ውርጭ የጎመኑን ቅጠል ማንጣት ሲጀምር፣ አባቴ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ጥቅል ጥቁር የጠብታ ጎማና አንድ መዳፍ የሚያህል የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣ። ዕቃው በሁለቱ ጫፍ ሰፊ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ሆኖ፣ ከወገቡ አንዲት ቀጭን ቱቦ ወጥታ ተንጠልጥላበታለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«ማዳበሪያ መጣጭ ነው። ወገቡን እይው። ውሃ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይስባል። ቀጭኗን ቱቦ ዩሪያ የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ስትከቺያት፣ ማዳበሪያው ራሱ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ እያንዳንዱ ጎመን ሥር ይንጠባጠባል።»

«እንደ አንተ ወሬ ነው በለኛ፤ መንገደኛውን ሁሉ እየሳበ የሚያስቀር።»

አባቴ እየሳቀ፣ ከመጣጩ በፊት ባለው መስመር ላይ በውስጡ ትንሽ ሞላና የጎማ ክዳን ያለበት የነሐስ ዕቃ ገጠመና እኔን ጠርቶ አሳየኝ። «ይሄ ዘበኛችን ነው። ውሃው ወደ አትክልቱ ሲሄድ ያሳልፈዋል፤ ልመለስ ሲል በሩን ይዘጋበታል። ማዳበሪያ የነካው ውሃ ወደምንጠጣው መመለስ የለበትም። ገባሽ ሂክመት?» ገብቶኝ ነበር። ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ አንዱ ነገር ይኸው ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ሲሆን፣ አባቴ ከሥራ እስኪመለስ ጓሮውን ማጠጣት የኔ ድርሻ ሆነ። ዩሪያውን በጣሳ ለክቼ በግማሽ ባልዲ ውሃ እበጠብጥና በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ ባልዲውን ከመጣጩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ነበር። ከዚያ ቀጭኗን ቱቦ ከትቼ መስመሩን ቀስ አድርጌ እከፍትና፣ ባልዲው እስኪያልቅ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ውሃው ድንገት ከጠፋ ቱቦዋን ከባልዲው ማውጣት እንዳለብኝም አባቴ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር።

ጥር ሲገባ ግን ውሃው ደከመ። በፈረቃችን ቀን እንኳን እንደ ክር ቀጥኖ ይመጣ ስለነበር መጣጩ የሚስብበት ጉልበት አጣ፣ ባልዲውም አልጎድል አለ። አባቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ባልዲውን ነበር። «ዛሬም ተረፈ?» ይላል፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ዝም ብሎ መጠየቁ ነበር። እኔ ግን ደብተሬ ላይ አንድ ኤክስ ካየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ «ጎበዝ» መባልን ከምግብ አስበልጬ የምወድ ልጅ ነበርኩና ያቺ ጥያቄ ትከነክነኝ ነበር። ለብዙ ቀን ሳስብበት ቆይቼ፣ ውሃውን የሚያደክመው የዘበኛው ሞላ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ገበያ ስትሄድ ፒንሳ አምጥቼ ዘበኛውን ፈታሁት፣ ሞላውንና የጎማ ክዳኑን አውጥቼ ባዶውን መልሼ አጠበቅኩትና፣ ያወጣሁትን ከጎመን መደቡ ጫፍ ቀበርኩት። አባቴ ዘበኛውን በየወሩ መጀመሪያ ፈትቶ ያጥበው ስለነበር፣ ያ ቀን ከመድረሱ በፊት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።

ባልዲው ያን ዕለት አለቀ። አባቴ ባዶውን ባልዲ ገልብጦ አየና «ጎበዝ የኔ ልጅ! መላውን አገኘሽው ማለት ነው» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። በማግስቱም ለእትዬ ዘይነባ በአጥሩ ላይ «ልጄ ከኔ በልጣለች» ሲል ሰምቼ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

በሳምንቱ፣ በሌላው የፈረቃ ቀን፣ ማጠጣት ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ ውሃው ጠፋ። ጎማዎቹ መንጠባጠብ አቆሙ። ቱቦዋን ላወጣ ጎንበስ ስል ግን ባልዲው እየጎደለ መሆኑን አየሁ። ውሃ ሳይኖር፣ ጠብታ ሳይኖር፣ ባልዲው ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ማዳበሪያው ወዴት እየሄደ እንደሆነ አልጠየቅኩም። አባቴ ሲመጣ ዛሬም ባዶ ያገኘዋል ብዬ ደስ አለኝና፣ እጄን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ አየሁት።

በዚያው ሰዓት እትዬ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ለቡሬ በገንዳ ውሃ ይቀዱ ነበር። ግቢያቸው ከእኛ ጓሮ ዝቅ ስለሚል፣ የከተማው ውሃ ጠፍቶ መስመሩ ሲላላ የሳቸው ክፍት ቧንቧ ከእኛ ጎማ ያለውንም ከባልዲው ያለውንም ቁልቁል ሳበው። ከልካይ አልነበረውም፤ ዘበኛውን እኔ ባዶ አድርጌው ነበር።

ቡሬ ለከብት መርዝ የሆነውን ያን ውሃ ጠጥታው ኖሮ፣ ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ዘይነባን ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስሄድ ቡሬ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ፣ ከአፏ አረፋ እየወጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ሆዷ ተነፍቷል፣ ዘይት አጠጧት!»

«እርጥብ ሣር አብልተዋት ነው እኮ!»

«ወላሂ ከድርቆሽ በቀር ምንም አልቀመሰችም!» ይሉ ነበር እትዬ ዘይነባ ቀንዷን ይዘው። «ቡሬ፣ ቡሬ ኮ፣ ቁሚ፣ አትውደቂ!»

ወደቀች። አባቴ ጠመኔው ከእጁ ሳይለቅ ሲደርስ ሞታ ነበር። ከገንዳው ሥር በቀረው ውሃ ጣቱን ነክሮ ምላሱን አስነካና ተፋው። ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ጓሯችን ወጥቶ ዘበኛውን ፈታው፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሂክመት፣ ይሄን ነክተሽው ነበር?»

«አልነካሁም።»

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ቢጠራጠረኝ፣ ቢቆጣኝ፣ ምናልባት እናገር ነበር። እሱ ግን ልጁ እንደማትዋሽ ያውቅ ስለነበር ወዲያው ራሱን ነቀነቀና፣ «በወሩ መጀመሪያ ሳጥበው ሞላውን ሳልመልሰው ቀርቼ ነው። እኔ ነኝ» አለ። በቀጥታ ወደ እትዬ ዘይነባ ወርዶ በተሰበሰበው ሰው ፊት ይህንኑ ነገራቸው።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ጓሮውን ማራስ ሲጀምር፣ ሽማግሌዎች በእትዬ ዘይነባ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ዋናው ሃጂ ቃሲም ነበሩ። እኔ ከእማዬ ጋር ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። አባቴ ተነስቶ ጥፋቱ የሱ መሆኑን ሲናገር የእትዬ ዘይነባ ወንድም፣ «ቲቸር፣ የእኛን ልጆች ሳይንስ የምታስተምር ሰው አንዲት ሞላ ቆጥረህ መመለስ አቃተህ?» አለና ሰው ሳቀ። አባቴም አብሮ ፈገግ አለና «አቃተኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ በቡሬ ፈንታ ሲሬ ወረዳ አያቴ ዘንድ የነበረችው ጊደራችን ለእትዬ ዘይነባ እንድትሰጥ ወሰኑ። እሳቸውም ጊደሯን ተቀበሉ፣ የአባቴን እጅ ጨበጡ፣ ከዚያ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይቅር ብያለሁ። የሚረሳ ሰው ውሃ ግን ዳግመኛ ከቤቴ አይገባም። ወላሂ ጠብታዋን አልነካም» ብለው ማሉ።

በዚያ ክረምት የጣሪያ ውሃ አጠራቅመው ተጠቀሙ። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ግን ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ካለው ቦኖ ውሃ ማመላለስ ጀመሩ። ዳገቱን ሲወጡ በበራችን ያልፉ ነበርና ልቀበላቸው ስሮጥ፣ «ተይው ኢንተለ ኮ፣ ለምጄዋለሁ» ይሉኝ ነበር። ሞላውን የቀበርኩበትን ቦታ ቆፍሬ አውጥቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የጣልኩት በዚያ ሰሞን ነው።

አባቴ ጎማዎቹን ጠቅልሎ አነሳቸው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው እሱ ራሱ ነበር። በሩን ቆልፎ ወጥቶ ከመንገድ ይመለሳል፣ የፈተና ወረቀት ሦስቴ ይቆጥራል፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ይጽፍ ነበር። ሰፈሩ «ቲቸር፣ ምሳ በልተሃል ወይስ ረሳኸው?» እያለ ሲቀልድበት ይስቅ ነበር። የቤተ ሙከራው ኃላፊ እንዲሆን ሲጠየቅ ግን «እኔ የምረሳ ሰው ነኝ፣ አሲድ አይሰጠኝም» ብሎ እምቢ አለ። እኔ በየዓመቱ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እል ነበር። በየዓመቱም ሊነገር የሚገባው እየከበደ፣ ከላሟ ሞት ይልቅ ዝምታዬ ትልቁ ጥፋት እየሆነ ሄደ።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ነሐሴ ላይ ቤት ስገባ፣ አባቴ እራት ላይ ለእማዬ እንደ ቀላል ነገር፣ «ይሄን መርሳቴን ለሐኪም ላሳየው ይሆን? አባቴም በስተርጅናው ሰው ይጠፋበት ነበር» አላት። እዚያው ገበታው ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፒንሳውን፣ ሞላውን፣ ባልዲው ሲጎድል ቁጭ ብዬ ማየቴን።

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «እኔ አልረሳሁም ማለት ነው?» አለ።

«አልረሳህም አባዬ።»

መዳፉን ገልብጦ አየው። ከዚያ ተነስቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። በማግስቱ ጠዋት፣ «እኔ በሰው ፊት ነው የተናገርኩት። አንቺም በሰው ፊት ትናገሪያለሽ» ብቻ አለኝ።

ሃጂ ቃሲም በጣም አርጅተው ነበር፤ በከዘራ መጥተው በእትዬ ዘይነባ ደጃፍ ተቀመጡ። አንገቴን ደፍቼ ተናግሬ ስጨርስ እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ላሚቱስ ላም ናት፣ ልጅም ልጅ ነው» አሉ። «እኔ ግን ስምንት ዓመት ውሃ የተሸከምኩት አንቺ ስላፈርሽ ነው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። «ዳገቱን ስወጣ ታዪኝ ነበር። ጀሪካን ልቀበልዎ ትይኝ ነበር» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ቲቸር፣ የሚረሳ ብዬህ ምያለሁ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

ሃጂ ቃሲም መሐላ የሚፈታው አስር ድሃ በማብላት እንደሆነ፣ አቅም የሌለው ግን ሦስት ቀን እንደሚጾም ተናገሩ። አባቴ ድግሱን እኔ ልቻል ቢል እትዬ ዘይነባ፣ «የማለው የኔ አፍ ነው፣ የሚጾመውም እሱ ነው» አሉ። እኔም አብሬ ልጹም ስላቸው፣ «ጹሚ፤ እኔን ግን አይተካልኝም» አሉኝ።

ያኔ የምፈራው ሰው እንዳያውቅብኝ ነበር። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሐፍረቱ ግን እንዳሰብኩት ተናግሬው አልወጣልኝም፣ ቦታውን ብቻ ቀየረ። ያኔ ስለ አንዲት ሞላ አፍር ነበር፤ አሁን የማፍረው ስለዚያ ሁሉ ዳገት ነው። አባቴ አሁን በሩን አንዴ ቆልፎ ይሄዳል። እትዬ ዘይነባ ሰላምታዬን ይመልሱልኛል፣ «ኢንተለ ኮ» ብለው ግን እስካሁን አልጠሩኝም፤ እኔም አልቸኩልባቸውም። ሦስተኛውን የጾም ቀን ጨርሰው፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ከእኛ ቧንቧ በተቀዳ ውሃ ያፈጠሩት ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው።