የአጎቴ ሰይድ ቀይ ድንጋይ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ወልድያ

መናኸሪያው ገና በቅጡ አልነቃም። ሾፌሩ «መርሳ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ ሚኒባሱ ግን ባዶ ነው። ሥራዬ ስለ ድንጋይ ማስተማር ነው። ዛሬ የምሄደው ግን የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ፣ ትናንት ስለደወሉልኝ ነው። «ከማንጎው ሥር ቀይ ድንጋይ አገኘሁ። ነገ ዛፎቹን ቆርጬ ልቆፍር ነው፤ መጥተሽ እይልኝ» አሉኝ።

1 ሰዓት፣ ሲሪንቃ

ለተሳፋሪ ቆምን። ቅቅል በቆሎ ገዛሁ። መንገዱ የቆረጠው ዳገት ቀይ ነው።

«ይሄ ጭቃ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም» አለ ሾፌሩ።

«ብረት ስላለበት ነው።»

«ዝገት ነው በይኛ!»

2 ሰዓት፣ መርሳ

ከባጃጅ ስወርድ የአጎቴ ባለቤት እትዬ ከድጃ በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጆቻችንን ያሳደግንበት ዛፍ ነው። አንድ ነገር በይው፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ።

አጎቴ ጓሮ ናቸው። መጥረቢያው ተስሏል። ድንጋዩን ከጨርቅ ፈተው ሰጡኝ፤ ቡጢ ያህላል፣ ይከብዳል።

«አንድ ነጋዴ ሩቢ የሚባል ውድ ዕንቁ ነው ብሎኛል።»

እውነት ለመናገር፣ እኔም ሩቢ በሆነላቸው ብዬ ተመኘሁ። የተሸረፈ ሲኒ አስመጥቼ ገለበጥኩትና ድንጋዩን በሻካራው ቂጡ ላይ አሸሁት። እንደ በርበሬ የቀላ መስመር ወጣ። አላመኑም፤ ተቀብለው ራሳቸው ደጋግመው አሹት።

«አጎቴ፣ ሩቢ ሲኒውን ይጭረዋል እንጂ አይቀባውም። ይሄ ሄማታይት የሚባል የብረት ድንጋይ ነው። ብረትና ኦክስጅን ተዋህደው ነው ያቀሉት፣ እንደ ዛገ ዶማ። አፈሩንም፣ ሸክላውንም የሚያቀላው ይኸው ነው።»

«ዶማዬ በአንድ ክረምት ይዝጋል። ይሄስ?»

«ይሄ እኛ ሳንፈጠር የጀመረ ነው።»

ድንጋዩን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት።

«ስንጋባ፣ በኒካችን ቀን፣ ከድጃን ሐጅ እወስድሻለሁ ብያት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ዕድሜ ሄደ። አላህ ከጓሮዬ አወጣልኝ ብዬ ነበር።»

እትዬ ከድጃ ለካ ከኋላችን ቆመዋል። «ማንጎውን ቆርጠህ ሐጅ ብትወስደኝ፣ ስመለስ ከየትኛው ጥላ ሥር ልቀመጥ ነው?»

አጎቴ መጥረቢያውን አንስተው ወደ ቤት መለሱት።

6 ሰዓት ተኩል

ምሳ ቀረበ። እትዬ ከድጃ የእጅ ውሃ ይዘው መጡ። የአጎቴ ጣቶች እስከ ጥፍራቸው ቀልተዋል። እትዬ ከድጃ እጃቸውን ያዝ አድርገው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ መስለሃል!»

አጎቴም ሳቁ። ውሃው ሲፈስላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ተይው፣ ትንሽ ይቆይ» አሉና ቢስሚላህ ብለው በግራ እጃቸው ሊጎርሱ ሲቃጡ፣ እትዬ ከድጃ ቀድመው አጎረሷቸው።